የሆስፒታል ፓርኪንግ ቅጣት ለመጣብህ ወንድሜ፦ ከኩባንያው ጋር ከመጨቃጨቅህ በፊት ሆስፒታሉን ያዝ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረቻት! ልጁንም በዕድሜ በጤና ያሳድግላችሁ።

ጥያቄህን አየሁት፤ እንግሊዝ አገር ነህ ብዬ ነው የምመልስልህ። ባለቤትህን ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገባችሁ። ለአራት ሰዓት ከፈልክ፤ ነገሩ ግን እስከ ማግስቱ ዘለቀ። ከዚያ የ100 ፓውንድ ደብዳቤ ቤትህ መጣ። በ14 ቀን ውስጥ ከከፈልክ 60 ነው ይላል። «ልክፈል ወይስ ልተወው?» ብለሃል። መልስ ከሰጡህ ሰዎች ግማሾቹ «ከፍለህ ተገላገል» ይላሉ፣ ግማሾቹ «ቅደደው፣ ምንም አያመጡም» ይላሉ። ሁለቱንም አትስማ።

እኔም ላይ የደረሰው ቁርጥ ይሄው ነው። የእኔ ምጥ አልነበረም፤ እናቴን ለዓይን ሕክምና ይዤ ሄጄ ነው። የቀጠሮው ሰዓት አለፈ፣ ጠብታ ጨመሩላት፣ እንደገና ጠብቁ ተባልን፣ ከዚያ መድኃኒት ቤት ወረፋ። የከፈልኩበት ሰዓት እዚያው ወንበር ላይ አለቀ። ስለዚህ የምነግርህ ሠርቶ ያየሁትን ነው።

1. ደብዳቤውን ማን እንደላከው እይ። ከካውንስል (ከአካባቢው አስተዳደር) ከሆነ ሕጋዊ ቅጣት ነው፤ መንገዱም ሌላ ነው። ያንተ የመጣው ከግል ኩባንያ ነው። «ውል አፍርሰሃልና ክፈለኝ» የሚል ጥያቄ እንጂ መንግሥት የጣለብህ ቅጣት አይደለም። መልኩን ግን የካውንስሉን አስመስለው ነው የሚያትሙት። ምህፃረ ቃሉ ራሱ አንድ ነው፣ ሁለቱም ፒሲኤን ይባላሉ። እኔን ከጠየቅከኝ ሆን ብለው ነው።

2. ማን ይነዳ እንደነበር አትናገር። ይሄን በደንብ ያዝልኝ። ኩባንያው ስምህንና አድራሻህን ያገኘው ለዲቪኤልኤ (መኪና ለሚመዘግበው መሥሪያ ቤት) 2.50 ፓውንድ ከፍሎ ነው። የሚያውቀው መኪናው በማን ስም እንደተመዘገበ ብቻ ነው። መሪውን ማን እንደያዘ አያውቅም። በ2012 የወጣው ሕግ ዕዳውን ከሹፌሩ ወደ አንተ እንዲያዞር ይፈቅድለታል፤ ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። እንዳንተ መስታወቱ ላይ ወረቀት ሳይለጠፍ በካሜራ ብቻ የተያዘ ከሆነ፣ ደብዳቤው መኪናው ከቆመበት ቀን ማግስት ጀምሮ በሚቆጠር 14 ቀን ውስጥ ቤትህ መድረስ አለበት። የዘገየ እንደሆነ ባለመኪናውን በዚህ ሕግ መያዝ አይችሉም። አንተ ግን «ባለቤቴን ምጥ ይዟት በፍጥነት እየነዳሁ ገባሁ» ብለህ ከጻፍክላቸው አለቀ፤ ሹፌሩን በገዛ እጅህ ሰጠሃቸው። በጽሑፍህ ሁሉ «ሹፌሩ» በል። ውሸት አይደለም፤ ለግል ኩባንያ ማን እንደነዳ የመናገር ግዴታ የለብህም። ፖሊስ ሲጠይቅህ ግን ሌላ ነው፣ ያን ጊዜ መመለስ ግዴታህ ነው።

3. ዋናው ይሄ ነው። ቅጣቱን ቶሎ ሊያሰርዝልህ የሚችለው ሆስፒታሉ ነው። ቦታው የሆስፒታሉ ነው፤ ኩባንያው የተቀጠረ ነው። ቀጣሪው «ይሄንን ተወው» ካለው ይተወዋል። ይህን ማንም አይነግርህም፤ ደብዳቤው ላይማ ጭራሽ አይጽፉትም።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ሆስፒታሉ ውስጥ ወዳለው የፓርኪንግ ቢሮ ነበር። ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለው ምን የለው። አንዲት ሴትዮ ተቀምጣለች። ደብዳቤውን ዘርግቼ ሳስረዳት ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። «ፓርኪንጉ የእኛ አይደለም፣ ኩባንያውን አነጋግሪ» አለችኝ። ታዲያ በሩ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው? የሆስፒታሉ ስም አይደለም እንዴ? «እናቴ እኮ የእናንተው ሐኪም ዘንድ ነበረች፣ ያቆያችሁን እናንተ ናችሁ» ብላት፣ ድረ ገጹ ደብዳቤው ላይ አለ ብላ ስልኳን አነሳች። ሰው እየጠበቀች አልነበረም፤ እንድሄድላት ነው። አዲስ አበባ ቢሆን የፓርኪንጉን ልጅ «በናትህ፣ እናቴን አሳክሜ መምጣቴ ነው» ትለውና ትስማማላችሁ። እዚህ ያቆመህ ካሜራ ነው፤ ካሜራን ምን ብለህ ትለምነዋለህ?

ዋናው መቀበያም ሄድኩ። እነሱም ወደ ምድር ቤቱ ሴትዮ መለሱኝ። እንባዬ ሊመጣ ነበር፤ ከገንዘቡ ይልቅ ያናደደኝ ንቀቱ ነው። ኮሪደር ላይ ያገኘችኝ ነርስ ናት «ለምን ፓልስ አትሄጂም?» ያለችኝ። ፓልስ ማለት የኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎት) ሆስፒታሎች ያላቸው የታካሚዎች ምክርና አቤቱታ ቢሮ ነው። እዚያም ቢሆን የመጀመሪያው መልስ «ያው የግል ኩባንያ ስለሆነ ጣልቃ አንገባም» የሚል ሊሆን ይችላል። እኔን እንደዚያ ነው ያሉኝ።

ግን ባዶ እጄን አልሄድኩም። መንግሥት ለኤንኤችኤስ ሆስፒታሎች ያወጣው የመኪና ማቆሚያ መመሪያ አለ። ኢንተርኔት ላይ ታገኘዋለህ። ላይብረሪ ሄጄ አትሜው ነበር። ሁለት ነገር አስምሬበታለሁ። አንደኛ፣ ሆስፒታሉ በስሙ ፓርኪንግ ለሚያስተዳድሩ የግል ኩባንያዎች ሥራ ኃላፊው ራሱ ነው ይላል። ሁለተኛ፣ መኪናው ከሰዓቱ ያለፈው ከሹፌሩ አቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነ፣ ለምሳሌ ሕክምናው ከታሰበው በላይ ከረዘመ፣ ተጨማሪው ክፍያ መነሣት አለበት ይላል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ይሄን ያነቡልኛል?» አልኩት ሰውየውን። አነበበ። እንደገና አነበበ። ከዚያ «የቀጠሮ ወረቀቱን ይዘሻል?» አለኝ። ድምፁ ተቀየረ! የእኔ እንግሊዝኛ እንደ እነሱ አይደለም፤ አክሰንቴ ሲሰማ ፊቱን የሚያዞር ብዙ ነው። በዚያ ቀን ግን ያሰመርኩበት ወረቀት ተናገረልኝ።

ወረቀቶቹን አስቀድመህ ሰብስብ። ለእኔ የዓይን ክፍሉ ነርስ የገባንበትንና የወጣንበትን ሰዓት ጽፋ ፈርማልኛለች። አንተ ደግሞ የማዋለጃ ክፍሉ የገባችሁበት ሰዓት አለው፣ ልጁ የተወለደበት ሰዓት በወረቀት አለ፣ የመውጫ ወረቀቱ አለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል? ከባንክ ሒሳብህ ላይ የከፈልክባትን መስመርም ጨምርበት። «የከፈለ ሰው እንጂ ያጭበረበረ አይደለም» ማለት ነው። ኢሜይሉን አታርዝመው፤ የደብዳቤው ቁጥር፣ የታርጋው ቁጥር፣ ሰዓቶቹ፣ የመመሪያው ሁለት ሐሳብ፣ «እባካችሁ ኩባንያው እንዲሰርዝ እዘዙ»። በቃ። ምሬትህን ለእኛ ጻፈው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ልጁ ታሞ ተኝቶ ነበር እንዴ? እንግሊዝ ውስጥ የታመመ ልጃቸው ጋር የሚያድሩ ወላጆች ከምሽቱ 1፡30 እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት በነፃ ማቆም አለባቸው። ብሉ ባጅ (የአካል ጉዳተኞች የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ) ያላቸውም፣ ለሦስት ወር ያህል በየወሩ ቢያንስ ሦስት ጊዜ የሚመላለሱ ታካሚዎችም፣ የሌሊት ሠራተኞችም እንዲሁ። ይሄ የሚመለከትህ ከሆነ ከሁሉ በላይ አድርገህ ጻፈው።

የእኔ መጨረሻው ምን ሆነ? ቅጣቱ ተሰረዘ። ኩባንያው የላከው ኢሜይል ግን እስካሁን ያናድደኛል። «በጎ ፈቃዳችንን ለማሳየት ሰርዘነዋል» ይላል። በጎ ፈቃድ! አሮጊት እናቴ ዓይኗ ተሸፍኖ ተቀምጣ ሰዓት ስትቆጥር የት ነበር በጎ ፈቃዱ? ከሆስፒታሉም ይቅርታ የሚል ቃል አልመጣም። እናቴ «ዋናው መሰረዙ ነው፣ ተይው» ትላለች። እኔ አልተውኩትም፤ የምድር ቤቷን ሴትዮ ለብቻዋ አቤቱታ ጽፌባታለሁ።

ቁጥሩ የት ደረሰ? 4 ይመስለኛል። ፓልስን እየጠበቅህ ኩባንያውን አትርሳ፣ ሰዓቱ አይቆምልህም። በ28 ቀን ውስጥ በድረ ገጻቸው ይግባኝ አስገባ። በ14ቱ ቀን ውስጥ ካስገባህ፣ ውድቅ ቢያደርጉት እንኳን ብዙውን ጊዜ የ60ውን ዋጋ መልሰው ይሰጡሃል፤ ስለዚህ ቶሎ ማስገባት አይጎዳህም። ውድቅ ሲያደርጉት (የእኔን በሰዓታት ውስጥ ነው ውድቅ ያደረጉት፣ ሰው ያነበበው አይመስለኝም) ወደ ገለልተኛ አካል የምትሄድበትን መንገድ መንገር አለባቸው። የፓርኪንግ ኩባንያዎቹ ሁለት ማኅበራት አሏቸው፦ የቢፒኤ አባል ከሆኑ ይግባኝ ሰሚው ፖፕላ ነው፣ የአይፒሲ አባል ከሆኑ አይኤኤስ። ፖፕላ ነፃ ነው፤ በአንተ ላይ ከወሰነ አያስገድድህም፣ በኩባንያው ላይ ከወሰነ ግን ያስገድደዋል። እዚያ ከተሸነፍክ በኋላ ቅናሹ ቀርቶ ሙሉውን እንደሚጠይቁህ ግን እወቅ።

አሁን ወደ «ቅደደው» ባዮቹ ልምጣ። ይሄ ምክር ድሮ ይሠራ ይሆናል። በ2015 ግን ቤቪስ የሚባል ሰው፣ የዓሳና ድንች ጥብስ ሱቅ ያለው፣ በ85 ፓውንድ ቅጣት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክሮ ተሸነፈ። ቼልምስፎርድ ያለ የገበያ ማዕከል ውስጥ ከነፃው ሁለት ሰዓት 56 ደቂቃ አሳልፎ ነው። ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎቹ ፍርድ ቤት መሄድ አይፈሩም።

የአክስቴ ልጅ ያንን ምክር ሰምቶ ነው የተቃጠለው። ደብዳቤዎቹን ሳይከፍት ቁም ሣጥን ላይ ከመራቸው። ከዚያ ቤት ቀየረ፤ የመኪናውን ሊብሬ አድራሻ ግን አልቀየረም። የፍርድ ቤቱ ወረቀት አሮጌው ቤት ሄደ። መልስ የሚሰጥ ስላልነበረ በሌለበት ተፈረደበት። እሱ ያወቀው መቼ ነው? ቤት ሊገዛ ባንክ ሲሄድ። የክሬዲት መዝገቡ ላይ ሲሲጄ (የፍርድ ቤት የዕዳ ፍርድ) ተቀምጧል! በአንድ ወር ውስጥ ካልከፈልከው ስድስት ዓመት ይቆያል። ፍርዱ እንዲነሣለት ማመልከቻ ለማስገባት የሚከፈለው ብቻ ከ300 ፓውንድ በላይ ነው፣ ከዋናው ቅጣት ሦስት እጥፍ። ሚስቱ አሁንም ስሙ ሲነሣ ታኮርፋለች። «ቅደደው» ያሉት ጓደኞቹ አንድ ሳንቲም አላዋጡም።

ስለዚህ የሚናቀውን ከማይናቀው ለይ። የዕዳ ሰብሳቢ ደብዳቤ፣ ያ ቀይ ቀለም ያለው፣ 70 ፓውንድ ጨምሮ የሚያስፈራራው፣ ምንም ሥልጣን የለውም። ንብረት የሚወስድ ቤይሊፍ (የፍርድ ቤት አስፈጻሚ) አይደለም። «ክስ ልንመሠርት ነው» ብሎ 30 ቀን የሚሰጥህ ደብዳቤ ግን መልስ ይፈልጋል። ከኖርዝሃምፕተን የፍርድ ቤት ፎርም ከመጣ ደግሞ ያን ቀን ቡናህን አቁመህ ተነሣ። ደርሶኛል ለማለት ያለህ 14 ቀን ነው፤ እንደዚያ ካልክ መከላከያህን ለማስገባት ጊዜው ወደ 28 ቀን ይረዝማል።

ይሄ ሁሉ እንግሊዝ ነህ ብዬ ነው። ስኮትላንድ ወይም ዌልስ ካለህ ንገረኝ፤ እዚያ የኤንኤችኤስ ሆስፒታል ፓርኪንግ በአብዛኛው ነፃ ነው፣ ስኮትላንድ ደግሞ የ2012ቱ ሕግ አይሠራም።

አሁን ሁለት ነገር ጻፍልኝ፦ መኪናው የቆመበትን ቀንና ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን። ስምህን፣ የታርጋህን ቁጥርና ባርኮዱን ሸፍነህ ፎቶውን ብትለጥፈውም እናየዋለን። 60ውን ፓውንድ ደግሞ ይሄን ሳታነብ ቀድመህ እንዳትከፍል፤ ከከፈልክ በኋላ ይግባኝ አይቀበሉህም።