«ቁስል አጣቢ ሆነሽ ትቀሪያለሽ» ለተባለችው ነርስ

ውድ እህቴ፣ ሁለት ዓመት በነርስነት ሠርተሽ አሁን የስኳር ሕሙማንን የእግር ቁስል በሚያድኑ አዳዲስ ሕክምናዎች ላይ መመራመር እንደምትፈልጊ ጽፈሽልኛል። ሥራሽን ለቀሽ ባዮቴክኖሎጂ ልትማሪ አስበሻል። አባትሽ ደግሞ «ቁስል አጣቢ ሆነሽ ትቀሪያለሽ» ብለውሻል።

የአባትሽ ቃል አንገብግቦኛል። የስኳር ሕመም ካለባቸው ሰዎች ከ19 እስከ 34 በመቶ የሚሆኑት በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ የእግር ቁስል እንደሚያጋጥማቸው ይገመታል። ያን ቁስል በሥርዓት የሚያጥብ ሰው እግር ከመቆረጥ ያተርፋል። ይህን ለአባትሽ በአክብሮት፣ ግን ሳትሸሺ ንገሪያቸው።

ሥራሽን ግን አትልቀቂ። ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችለው ስቴም ሴልም፣ በላቦራቶሪ የሚያድገው ቆዳም ተስፋ ያላቸው ናቸው። ሆኖም ቤካፕለርሚን የተባለው፣ ሕዋሳትን ወደ ቁስሉ የሚጠራ ፕሮቲን ያለው ጄል አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው፤ እግር መቆረጡ ግን ዛሬም አልቆመም። አንደኛ፣ በቆየ ቁስል ውስጥ የሚበዙ ኢንዛይሞች እንዲህ ያለውን ፕሮቲን ይሰባብሩታል። ሁለተኛ፣ ነርቩ የደነዘዘ ሰው ሕመም ስለማይሰማው ቁስሉን እየረገጠ ይሄዳል። ለውስጥ እግር ቁስል ዛሬም ቀዳሚ ሆኖ የሚመከረው እስከ ጉልበት ሥር የሚደርስ፣ ሕመምተኛው በራሱ የማያወልቀው ጄሶ ወይም ቡት የሆነው ለዚህ ነው። በሚረገጠው ቁስል ላይ ያለው ጫና ካልተነሳ፣ የቁስሉ ስፋትና ጥልቀት በትክክል ካልተለካ፣ የትኛውም ጥናት መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ አይለይም። ጠርዙ ላይ የደደረው ቆዳ ሲነሳ ከሥሩ የተደበቀው ጉድጓድ ምን ያህል እንደሆነ፣ መመርመሪያዋ ዘንግ አጥንት ስትነካ እጅ ላይ ምን እንደሚሰማ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ይህን እውቀት ገና ሳይጠነክር ጥለሽው አትሂጂ።

ስለዚህ ወደ ስኳር ሕሙማን የእግር ክሊኒክ ለመዛወር ጠይቂ። ቀጥሎ አዳዲስ ሕክምናዎች በሰው ላይ በሚሞከሩበት ጥናት ውስጥ የምርምር ነርስ ሆነሽ ግቢ፤ እኔም ከፋሻ መፍታት ተነስቼ ወደ ጥናት አስተባባሪነት የደረስኩት በዚሁ መንገድ ነው። ሁለተኛ ዲግሪውን ያኔ በክሊኒካዊ ምርምር ያዢው፤ ባዮቴክኖሎጂው ከዚያም በኋላ ቢያምርሽ በሩ ክፍት ነው።

ሒሳብ ያስፈራኛል ላልሽው፣ የሚያስፈልግሽ ስታቲስቲክስ በሥራ ላይ ይለመዳል። ለወንድሞችሽ ትምህርት ብለሽ ያሰብሽበትን፣ የቁስል መሸፈኛ እየሸጥሽ እጥፍ ደመወዝ እንድታገኚ የቀረበልሽን ሥራ በተመለከተ፣ የወንድሞችሽ ትምህርት ወጪ ባንቺ ላይ ብቻ እንዲወድቅ የወሰነው ማነው? ቤተሰቡ ይህን አብሮ ይነጋገርበት።

የዝውውር ማመልከቻሽን ረቂቅ ላኪልኝ፤ አይቼ እመልስልሻለሁ።