መልስ፦ ለከተማ ፕላን ተማሪዎች የቦታ ትንተና ከየት ይጀመር?

መምህር፣ "ተማሪዎቼ ኪውጂአይኤስ ላይ የቱን ቁልፍ እንደሚጫኑ ያውቃሉ፤ ካርታው ምን ይላል ስላቸው ግን ዝም ይላሉ" ብለዋል። ይህን የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር ለጊዜው ይዝጉትና ጥያቄ ይስጧቸው። ለምሳሌ፦ ከአንድ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ጣቢያ በ500 ሜትር ውስጥ የትኞቹ ሰፈሮች አሉ? አብዛኞቹ ጣቢያው ላይ ክብ አስምረው "በቃ ጨረስን" ይላሉ።

ያኔ ማንም ሊያርመው ከሚችለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ፣ ከኦፕንስትሪትማፕ፣ የመንገድ መረጃ አውርደው በእግረኛ መንገድ ይለኩት። ክቡ ተሸራርፎ ሌላ ቅርጽ ይወጣዋል። ከሐዲዱ ማዶ ያለ ቤት ቀጥታ ሲለካ አፍንጫ ስር ነው፤ ማቋረጫው ግን ራቅ ሊል ይችላል። ከዚያ ወጥተው ይራመዱት። የታጠረ ቅያስ ወይም ካርታው ላይ የሌለ አቋራጭ ካገኙ ራሳቸው ይጨምሩት። የዲዛይን ተማሪዎችን ደግሞ "አንድ ማቋረጫ ብቻ ብትጨምሩ የት ታደርጉታላችሁ?" ይበሏቸው። ክርክሩ ያኔ ይደራል። ለዚህም ነው ትምህርቱ ለብቻው ከሚሰጥ ይልቅ ተማሪዎች ዲዛይን በሚሠሩበት የስቱዲዮ ትምህርት ውስጥ ቢገባ የምመርጠው።

ፕሮጀክሽንን (ክብ ምድርን ጠፍጣፋ ካርታ ላይ የማስቀመጫ ስሌቱን) እና ዳተምን (ቦታዎች የሚለኩበትን መነሻ) ግን እንዳይዘሏቸው። የቆዩ የአገራችን ካርታዎች በአዲንዳን ዳተም የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። ሳይቀየሩ ከተደራረቡ 200 ሜትር ገደማ ይንሸራተታሉ። ሆን ብለው እንዲህ ያለ ፋይል ይስጧቸው። ቤቶቹ አስፋልት መሃል ሲቆሙ ምክንያቱን ራሳቸው ይፈልጉ። ለፈተናም ቢሆን የተሠራ ካርታ ሰጥቶ "ስህተቱ የት ነው?" ማለት ይበቃል።