ሳይቀምሱ የሚሠራ የፋሲካ ዶሮ

ከአገር ውጭ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ስለ ፋሲካ ዝግጅት ከላካችኋቸው ጥያቄዎች አራቱን መርጠናል። በቅድሚያ ስለ ቀኑ፦ የ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል፤ በፈረንጆቹ ሜይ 2 ቀን 2027 ነው። የምዕራባውያኑ ግን ከአምስት ሳምንት በፊት፣ ማርች 28 ያልፋል። ስለዚህ የአገሩ የፋሲካ ዕረፍት አይደርስላችሁም፤ የሰኞውን ፈቃድ ከወዲሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። ለ12 ሰው ዶሮ ወጥ ልሠራ ነው። አምና ወጡ ጨው አነሰው፣ ስኳር ስኳር አለ፣ ሥጋውም ከአጥንቱ ተላቆ ድስት ውስጥ ቀረ። እየጾምኩ ስለምሠራ መቅመስ አልችልም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ከጨው እንጀምር። ቁሌቱን በዘይት ብቻ ይሥሩት። ቅቤ እስካልገባበት ድረስ የጾም ወጥ ነውና ጸሎተ ሐሙስ ማታ ጉልባኑን ሲቀምሱ አብረው ይቀምሱታል። አክፍሎት የሚይዙ ከሆነ ሥራውን ወደ ረቡዕ ማታ ያምጡት። ሲቀምሱት ጨው በዛ ሊልዎት ይገባል፤ ቅዳሜ ዶሮው፣ እንቁላሉና ውኃው ሲገቡበት ይስተካከላል። የገዙት በርበሬ ጨው ያለበት መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ይዩ። ከሌለበት ለሁለት ዶሮ 35 ግራም፣ ማለትም ሁለት ልጥ የሾርባ ማንኪያ ጨው መነሻ ይሁንዎ። «ቅቤ ከሽንኩርቱ ጋር አብሮ ካልቁላላ ወጥ አይደለም» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። እኛ አንስማማም፤ ከዶሮው ጋር የሚበስልበት ጊዜ ይበቃዋል።

ጣፋጭነቱ የመጣው ከሽንኩርቱ ነው። ለሰላጣ የሚሆነው ትልልቅ ሽንኩርት ውኃው ብዙ፣ ማቃጠሉ ትንሽ ስለሆነ ስኳሩ ጎልቶ ይወጣል። ትንንሹን ቀይ ሽንኩርት ይግዙ፤ ለሁለት ዶሮ 4 ኪሎ። በብሌንደር አይፍጩት፤ አረፋ ያወጣል፣ ይመርራል፣ ውኃውም ቶሎ አይመጥም። በደቃቁ ከትፈው፣ ቢያንስ 8 ሊትር በሚይዝ ወፍራም ድስት ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት እያማሰሉ ያብስሉት። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሊወስድ ይችላል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሲሰለቸው እሳቱን ይጨምራል፤ ሽንኩርቱ ውኃውን ሳይጨርስ ጠርዙ ይጠቁራል፤ ያ የጠቆረው ስኳር ወጡን መራራ ያደርገዋል። ውኃው ሲመጥ ሁለት ተኩል ዴሲ ሊትር ዘይት፣ ቀጥሎ 350 ግራም በርበሬ ይጨምሩ (ፈረንጅ እንግዳ ከበዛ 250)። ሙቅ ውኃ ጠብ እያደረጉ 45 ደቂቃ ያቁላሉት። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ የሚገቡት መሐል ላይ ነው። ሲያልቅ ድስቱን ምድጃ ላይ አያሳድሩት። ማሞቂያ ባለበት ቤት የሞላ ድስት ሌሊቱን ሙሉ ሙቅ ሆኖ ያድራልና ይበላሻል፤ ሰፋ ባሉ ዕቃዎች ከፋፍለው በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ያስገቡት።

ወደ ሥጋው ስንመጣ፣ የሱፐርማርኬት ዶሮ ገና በሳምንታት ዕድሜው የሚታረድ ጫጩት በሉት፤ እንደ አገር ቤቱ ዶሮ ሁለት ሰዓት ከቀቀሉት ይበተናል። ለእሱ 35 ደቂቃ ይበቃዋል። የተሻለው ግን ለሾርባ የሚሸጠው አሮጌ ዶሮ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፣ ጣዕሙም ወደ ሐበሻው ይጠጋል። ሙሉውን ይግዙና ራስዎ ይገንጥሉት፤ ተቆራርጦ በሚሸጠው ውስጥ አንገትም ፈረሰኛም የለም፤ ፈረሰኛ ሳያዩ ቅር የሚላቸው አባወራዎች ደግሞ ዛሬም አሉ። ቆዳውን ገፈው በሎሚና በጨው ይዘፍዝፉ። ቅዳሜ ከሰዓት ቁሌቱን አሙቀው ዶሮውንና 300 ግራም የተነጠረ ቅቤ ይጨምሩ። የተቀቀሉትን 14 እንቁላሎች ጫር ጫር አድርገው በመጨረሻው አሥር ደቂቃ ይክተቱ፤ መከለሻው ሊወጣ ሲል ነው።

ሌላ ደብዳቤ ላይ ሙስሊም ጓደኞች ስላሉበት ማዕድ ተጠይቀናል። ሐሙስ የሠሩት የዘይት ቁሌት እዚህም ይጠቅማል፦ ዶሮው ከመግባቱ በፊት ሩቡን በሌላ ድስት ይለዩና ሐላል ዶሮ ይሥሩበት። ጭልፋውም ይለይ። እንግዶቹ ሲገቡ የትኛው የማን እንደሆነ አስቀድሞ መንገር ከመሳቀቅ ያድናል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ያመጣሁት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሚኒያፖሊስ ላይ አይግልልኝም፤ እንጀራው ዓይን የለውም።

መልስ፦ ምጣዱ የተሠራው ለ220 ቮልት ነው፤ አሜሪካ ግድግዳው ላይ የሚያገኙት 120 ነው። ቮልቱ በግማሽ ሲቀንስ ሙቀቱ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ ወደ ሩብ ይወርዳል። መለወጫ መሣሪያ አይግዙ፤ ይህን የሚሸከመው ከባድና ውድ ነው። እዚያው አገር ለ120 ቮልት የተሠራ ምጣድ ይሻላል።

ምጣዱ ግሎም ዓይን ካላወጣ ችግሩ ከሊጡ ነው። ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ላይበቃው ይችላል፤ ሊጡን መብራቱ ብቻ የበራ ምድጃ ውስጥ ያሳድሩት። ከሊጡ አንድ ኩባያ በሦስት ኩባያ ውኃ አብሲት ይጣሉ፤ ለብ ሲል ይመልሱት። ትኩሱን ከመለሱት እርሾው ይሞታል። ኩፍ ብሎ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ አይጋግሩ።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነው ያለነው። ጠላም ጠጅም አይቻልም። ለበዓሉ ምን እንጠጣ?

መልስ፦ ብርዝ። አንድ እጅ ማር በአራት ወይም በአምስት እጅ ለብ ያለ ውኃ በጥብጣችሁ፣ አጥልላችሁ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑሩት። ጌሾ አይገባበትም። በዋዜማው ሥሩት፤ ውጭ ካደረ በዚያ ሙቀት መፍላት ይጀምራል፣ ከፈላ ደግሞ አልኮል ነው። ሌሊት ጾሙ ሲገደፍ ደግሞ ተልባ ይቅደም፦ የተቆላና የተፈጨ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ተልባ በአንድ ሊትር ውኃ፣ ተጠልሎ፣ በማር። 55 ቀን ቅባት ያልለመደ ሆድ ቀጥታ ዶሮ ወጥ ላይ ሲገባ የሚሆነውን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ስቶክሆልም፤ አምና ቡና ስንቆላ የሕንፃው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ማስጠንቀቂያውን በፕላስቲክ ብንሸፍነውስ?

መልስ፦ አይሸፍኑ፤ እንግዳ በሞላበት ቤት ጭራሽ አይሆንም። ቡናውን እንግዶች ሳይመጡ፣ የኩሽናውን በር ዘግተው፣ ማናፈሻውን ከፍተው፣ በጥቂት በጥቂቱ ይቁሉት። ሽታው እንዲደርስ መጨረሻ ላይ አንድ እፍኝ ብቻ አሙቀው ማዞር ይበቃል። ዕጣኑን በኤሌክትሪክ ማጨሻ ያድርጉት። ከሰል ግን በረንዳ ላይም ቢቀጣጠል ወደ ቤት አይግባ፤ መስኮቱ በተዘጋ ቤት ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ ሰው ይገድላል፣ የጭስ ማስጠንቀቂያው ደግሞ ይህን ጋዝ አይለይም።