«ሪፊፊ»ን ሁለት ጊዜ እዩት

ፊልም መሥራት ለምትፈልጉ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ «ገንዘብ ስለሌለን ነው ጥሩ ፊልም ያልሠራነው» ስትሉ እሰማለሁ። ችግሩ እውነት እንደሆነ አውቃለሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ነው። የካሜራ ኪራይ ስላለቀ ብቻ ሳይቀረጽ የቀረ ትዕይንት ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ቢሆንም አንድ የቆየ የፈረንሳይ የወንበዴ ፊልም እንድታዩልኝ እለምናችኋለሁ። «ሪፊፊ» ይባላል። በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እጅግ ከምወዳቸው ፊልሞች አንዱ ነው። ጉድለቱም ቀላል አይደለም። መጨረሻውንም ስለምናገር፣ ቀድማችሁ ማየት የምትፈልጉ እዚህ ላይ አቁሙና አይታችሁ ተመለሱ።

መጀመሪያ የሠራውን ሰው እወቁት። ጁልስ ዳሲን አሜሪካዊ ነው። በ1940ዎቹ ሆሊውድ ውስጥ ስም ያወጣ ዳይሬክተር ነበር። ከዚያ ኮሚኒስት የተባለ ሁሉ የሚታደንበት ዘመን መጣ። በ1951 የሙያ ባልደረቦቹ በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ኮሚኒስት ነው ብለው ስሙን ጠሩበት። ሥራ አጣ። አውሮፓ ሄደ፤ እዚያም ፕሮዲውሰሮች ፈሩት፣ ምክንያቱም የእሱ ስም ያለበት ፊልም አሜሪካ አይገባም ይባል ነበር። ዓመታት ያለ ሥራ ከቆየ በኋላ የኦገስት ለ ብረቶንን የወንጀል ልብ ወለድ ወደ ፊልም እንዲለውጥ ተጠየቀ። መጽሐፉን አልወደደውም። ግን ተቸግሮ ነበርና ተቀበለ።

በጀቱ ትንሽ ነው። ትልቅ ኮከብ የለም። ዋናውን ወንበዴ ቶኒን የሚጫወተው ዣን ሰርቬ ዝናው የቀዘቀዘ ተዋናይ ነበር። የካዝና ከፋቹን ጣሊያናዊ ሴዛርን ደግሞ ዳሲን ራሱ፣ በሌላ ስም፣ ተጫወተው። ፓሪስን በክረምት ቀረጻት፤ ፀሐይ ስትወጣ ሥራ ያቆም ነበር፣ ግራጫ ሰማይ ስለሚፈልግ። ያቺ እርጥብ መንገድና ያ የንጋት ጭጋግ ብዙ ገንዘብ አላስወጣውም። ትዕግሥት ግን ጠይቆታል።

ታሪኩ ቀላል ነው። ቶኒ አምስት ዓመት ታስሮ ወጥቷል። ያስላል፣ ደክሟል፣ ያለችውን ሁሉ በቁማር ይጨርሳል። ከወጣቱ ጓደኛው ከጆ፣ ከማሪዮና ከሴዛር ጋር ሆኖ በፓሪስ እምብርት፣ ሩ ደ ላ ፔ ላይ ያለ የጌጣጌጥ መደብር ሊዘርፍ ያቅዳል።

አሁን ወደ ዝርፊያው ትዕይንት እንምጣ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ የፊልሙ ሩብ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል የለም። ሙዚቃ የለም። ሰዎቹ ከመደብሩ በላይ ካለው ቤት ገብተው ወለሉን ይሰረስራሉ። መጀመሪያ ትንሽ ቀዳዳ ያወጣሉ። ከዚያ የተዘጋ ጃንጥላ በቀዳዳው ያሾልኩና ታች ላይ ይከፍቱታል፤ የሚረግፈው ፍርስራሽ መሬት እንዳይወድቅ። አላርሙ ትንሽ ድምፅ ከሰማ ይጮሃልና በእሳት ማጥፊያ አረፋ ያፍኑታል። ይህን መላ ቀደም ብለው ተመሳሳይ አላርም አምጥተው፣ እየሞከሩ እየከሸፈባቸው ያገኙት ነው። እኛም ያንን ሙከራ አይተናል። ስለዚህ ዝርፊያው ሲጀመር ማንም ማብራሪያ አይሰጠንም፤ አያስፈልገንም። ላብ ሲንቆረቆር፣ አንዱ ሌላውን በዓይን ሲጠራ፣ ካዝናው ሲሰረሰር እናያለን፤ እኛም ትንፋሻችንን እንይዛለን።

የሙዚቃው ነገር ለእናንተ በጣም ይጠቅማል። አቀናባሪው ዦርዥ ኦሪክ ታዋቂ ሰው ነበር። ለዚህ ትዕይንት ሙዚቃ ጽፎ አምጥቶ ነበር። ዳሲን አንዴ ከነሙዚቃው፣ አንዴ ያለ ሙዚቃው አሳየው። ሙዚቃው ይውጣ ያለው ኦሪክ ራሱ ነው። የለፋበትን ሥራ ለፊልሙ ብሎ ጣለው። የእኛን አገር ፊልሞች ስታዩ ማጀቢያ ሙዚቃ ያልገባበት ደቂቃ ፈልጋችሁ አታገኙም። እናት ስታለቅስ ክራር፣ ሌባ ሲሮጥ ከበሮ። ሙዚቃውን የምናስገባው ብዙውን ጊዜ ትዕይንቱን ስላላመንነው ነው። ኤዲት ስታደርጉ የሙዚቃውን ትራክ ዝጉና እዩት። ትዕይንቱ ከሞተ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ስክሪፕቱ ላይ ወይም ቀረጻው ላይ።

በኋላ ታዋቂ ዳይሬክተር የሆነው ፈረንሳዊው ፍራንሷ ትሩፎ ያኔ ወጣት የፊልም ሐያሲ ነበር። ካነበብኳቸው የወንጀል ልብ ወለዶች ሁሉ ከከፋው፣ ካየኋቸው የወንጀል ፊልሞች ሁሉ የሚበልጠው ተሠራ ብሎ ጻፈ። ዳሲንም በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ በምርጥ ዳይሬክተርነት ተሸለመ።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እንድትወዱት አልፈልግም።

ማዶን ተመልከቷት። ቶኒ ከእስር ሲወጣ የቀድሞ ፍቅረኛው ማዶ ከምሽት ክበብ ባለቤቱ ከግሩተር ጋር መሆኗን ያውቃል። ቤቱ ወስዶ ጌጧን ያስወልቃታል፣ ልብሷን ያስወልቃታል፣ በቀበቶ ይገርፋታል። ካሜራው ዞር ይላል፤ ድምፁን ግን እንሰማለን። ከዚያ ፊልሙ ቶኒን እንደ ክብር ሰው አድርጎ ይቀጥላል። ማዶ በኋላ ተመልሳ ትረዳዋለች። በኋላ ለሚታገተው ለጆ ልጅ ብላ ይሆናል፤ ግን ውስጧን ለማየት አንድ ደቂቃ አይሰጠንም። «ዘመኑ እንዲያ ነበር» ይባላል። ይህ መልስ አይበቃኝም። ለመሰርሰሪያ ግማሽ ሰዓት ያገኘ ዳይሬክተር ለማዶ ፊት ሁለት ደቂቃ አያጣም ነበር።

ክፉዎቹም ስስ ናቸው። ግሩተር ክፉ ነው፣ በቃ። ወንድሙ ሬሚ የአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኛ ነው፣ በቃ። ሁለተኛው ሰዓት በእነሱ ተንኮል ላይ ይሮጣል፦ ሴዛር ለሴት የሰጠው ቀለበት ምስጢር ያወጣል፣ የጆ ልጅ ይታገታል፣ ሰው በሰው ላይ ይሞታል። የምሽት ክበቡ ዘፈንም ታሪኩን ገትሮ ያቆመዋል።

ግን በዚያው በሁለተኛው ሰዓት ሁለት ቦታ ላይ እቆማለሁ። አንዱ ቶኒ ምስጢር ያወጣውን ሴዛርን የሚገድልበት ነው። ወዳጆቹ አሳልፈው የሰጡት ዳሲን፣ አሳልፎ የሚሰጠውን ሰው ራሱ ተጫውቶ ይሞታል። ሌላው የጆ ሚስት የሉዊዝ ንግግር ነው። ልጇ በታገተበት ሰዓት ባሏን ትጠይቀዋለች፦ እንዳንተ በድህነት ያደጉ ሚሊዮን ልጆች አሉ፣ ወንበዴ ግን አልሆኑም፤ ጀግኖቹ እነሱ ናቸው እንጂ አንተ አይደለህም። የፊልሙን ወንዶች ሁሉ የሚመዝን ንግግር ነው፤ የተነገረውም በጣም ጥቂት ቦታ በተሰጣት ሴት አፍ ነው። ሜክሲኮን የመሰሉ አገሮች ፊልሙ ስርቆት ያስተምራል ብለው ሲከለክሉት ይህቺን ሴት የሰሟት አይመስለኝም።

እንግዲህ ሁለት ጊዜ እዩት። በመጀመሪያው ዝም ብላችሁ ተደሰቱ። በሁለተኛው ደብተር ያዙ። በዝርፊያው ትዕይንት ውስጥ እያንዳንዱ ሾት ምን አዲስ ነገር እንደሚነግራችሁ ጻፉ። ከዚያ ማዶ ከቶኒ ቤት ደጅ ወጥታ ደረጃውን የምትወርድበትን ትዕይንት እናንተ ጻፉት፤ ወዴት እንደምትሄድ፣ ማንን እንደምታገኝ፣ እጇ ምን እንደሚሠራ። ሦስት ገጽ ይበቃል። ንግግር አታስገቡበት።