ዲናሞ ጥቅለላውን ልተወው ወይ?

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። በኤሌክትሮኒክስ ተመርቀህ ፒያሳ አንድ ዲናሞ ጥቅለላ ቤት ሁለት ዓመት ሠርተሃል። ቤተሰብ ግን «ሽቦ ስትጠቀልል ልታረጅ ነው?» እያለ ኮምፒውተር ተማር ይልሃል። የድምፅ ትራንስፎርመር ብቻ እየሠራ የኖረ ድርጅት እንዳለ ሰምተህ እውነት ነው ወይ ብለኸኛል።

እውነት ነው። ዲን ጄንሰን የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1974 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በስሙ ከፈተው። ሰውየው ሽቦና ኮር (ሽቦው የሚጠቀለልበትን ብረት) ብቻ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሰርኪዩት የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም ራሱ ጽፏል። አንተና ቤተሰብህ የተጣላችሁባቸው ሁለት ሙያዎች እሱ ዘንድ አንድ ነበሩ። በ1989 ሲሞት ቢል ዊትሎክ ተረከበው፤ ዊትሎክም ሃም፣ ማለትም ስፒከር ላይ የሚሰማው «እምምም»፣ ከየት እንደሚመጣ ለባለሙያዎች በማስተማር ስም አተረፈ። በ2014 የካናዳው ራዲያል ኢንጂነሪንግ ገዛው። ስዊድን ውስጥም ባልና ሚስት በ1958 የጀመሩት ሉንዳል የተባለ የትራንስፎርመር ድርጅት አለ።

ይህ ለአዲስ አበባ ምን ይጠቅማል ትለኝ ይሆናል። ባለፈው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንድ አዳራሽ ምርቃት ላይ ነበርኩ። ማይኩ ሳይነካ ስፒከሩ «እምምም» ይላል። ሳውንድ የያዘው ልጅ የአምፕሊፋየሩን ሶኬት ነቅሎ ኧርዙን (ከመሬት ጋር የሚያገናኘውን ጫፍ) በፕላስተር ሸፈነና መልሶ ሰካው። ድምፁ ጠፋ፤ እኔ ግን ጭንቅ ያዘኝ። ኧርዙ እኮ የተሠራው ሰው በኤሌክትሪክ እንዳይሞት ነው! ሚክሰሩና አምፕሊፋየሩ መሃል አንድ ለአንድ የተጠቀለለ (ሁለቱ ጥቅሎቹ እኩል ዙር ያላቸው) ትራንስፎርመር ቢገባ፣ ድምፁ በማግኔት ይሻገራል፤ ሁለቱን ጥቅል የሚያገናኝ ሽቦ ስለሌለ በኧርዝ የሚዞረው ሃም መንገድ ያጣል። ኧርዙም በቦታው ይቆያል።

ስለዚህ ሥራህን አትልቀቅ፤ ኮርሱን ማታ ተማር። ከማይክ ትራንስፎርመር ግን አትጀምር፤ ኒኬል የበዛበት ኮርና ልዩ ሙቀት ማከሚያ ይፈልጋል፣ ገንዘብህን ይበላብሃል። ከሚክሰር ወደ አምፕሊፋየር በሚሄደው መስመር ጀምር። ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ለካው። ወፍራሙ ድምፅ ላይ ኮሩ በማግኔት ሲሞላ ድምፁ ይበላሻል፣ እዚያ ጋ ጊዜ ውሰድ። ተራ ቴስተር ቀጭኑ ድምፅ ላይ ስለሚያሳስት ኦሲሎስኮፕ (የድምፁን ሞገድ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) የሚያስነካህ ሰው ፈልግ፤ የቀድሞ መምህሮችህን ብትጠይቅ አያሳፍሩህም።

የጠቀለልከውን ሁሉ መዝግብ፦ የሽቦው ውፍረት፣ ስንት ዙር፣ የትኛው ኮር፣ ምን ለካህ። የተበላሸውንም ጭምር። አምስት ስትሠራ ደብተሩን ይዘህ ቢሮዬ ና፤ ዋጋውን ቁጭ ብለን እናወጣለን፣ ቤተሰብህንም ከፈለግክ አብረን እናናግራቸዋለን።