«እግሬን ያመኛል» ሲሉሽ የቱን ነው?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ማሳጅ ቤት ነው ምሠራው። ስልጠና ላይ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ስሙ ነው የተማርነው፣ ደንበኛ ሲመጣ ግን «እግሬን ያመኛል» ይልና ዝም፣ ጭኑ ይሁን ባቱ አይታወቅም። አማርኛው ጠባብ ሆኖ ነው ወይስ እኛ ነን ማናቀው? ከጭን ጀርባ ላለው፣ ሃምስትሪንግ ለሚባለውስ ቃል አለን? ደሞ «እግሬ ያመኛል» ነው ወይስ «እግሬን»? አንዳንዴ «ወጌሻዋ» ብለው ይጠሩኛል፣ እሱስ ልክ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጠባብ አደለም፣ እንዳውም ያስቸገረሽ ስፋቱ ነው። አማርኛ እግር ሲል ከብሽሽት ጀምሮ እስከ ጣት ጥፍር ነው፣ ሱሪ የሚገባውም እግር ነው ጫማ የሚገባውም እግር ነው። ክፍል በክፍል ስሙ ግን ሞልቷል፦ ዳሌ፣ ብሽሽት፣ ጭን፣ ጉልበት፣ ፊት ለፊቱ ላይ ያለችው ክብ አጥንት ሎሚ፣ ከጉልበት በታች ፊቱ ቅልጥም ጀርባው ባት፣ ከዛ ቁርጭምጭሚት፣ ተረከዝ፣ ውስጥ እግር። ታፋም አለ፣ ግን አሁን አሁን ሥጋ ቤት ስለዋለ ደንበኛሽን «ታፋዎን ነው ሚያምዎት?» ብትይው ኪሎው ስንት ነው እንዳይልሽ። ለኋላው ደሞ «መቀመጫ» በይ፣ ሌላኛውን ስም ሁሉም ያውቀዋል።

ሃምስትሪንግ ላይ ትንሽ ልቆይ። ወንበር ላይ ቁጭ በይና ጉልበትሽን አጥፈሽ ተረከዝሽን ወደ ወንበሩ እግር ሳቢው፣ እጅሽን ከጉልበትሽ ጀርባ ስትከቺ ግራና ቀኝ እንደ ገመድ የተወጠረ ነገር ታገኛለሽ፣ እሱ ነው ቋንጃ። ኢያሱ ምዕራፍ 11 ላይ የጠላት ፈረሶች የተቆረጡት እሱኑ ነው፣ ቋንጃው የተቆረጠ ፈረስ አይሮጥም። ስለዚ ቃሉ አለን፣ ግን ቋንጃ ጅማቱ ነው፣ ከመቀመጫ አጥንት ተነስተው የሚወርዱት 3ቱ ጡንቻዎች ራሳቸው አደሉም፣ ለነሱ «የጭን ኋላ ጡንቻ» ብትይ ማንም ይገባዋል። አንዳንድ ትርጉም ላይ ጡንቻውን በሙሉ ቋንጃ ሲሉት አያለሁ፣ እኔ አይመቸኝም።

አሁን ዋናው፣ ስሙን ትተሽ ግሱን ጠይቂ! አማርኛ ሕመሙን የሚነግርሽ በግሱ ነው። አክስቴ ብቸና ጤፍ አርማ ስትገባ ምትለውን ልንገርሽ፦ «ወገቤን ቆረጠኝ፣ ባቴን ጨምድዶ ያዘኝ፣ ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል»። 3 ቦታ 3 ግስ፣ አንዱን ባንዱ ብትቀይሪው አይሆንም። ጨምድዶ ሚይዘው ጡንቻ ነው። ሚቆረጥመው መገጣጠሚያ ነው፣ ቁርጥማት ራሱ ቆሎ ከምንቆረጥምበት ግስ ነው የመጣው። ጠዋት ከአልጋ ወርዶ መጀመሪያ ሲረግጥ ተረከዙን ሚወጋው ሰው ደሞ ብዙ ጊዜ ችግሩ ተረከዙን ከጣቶቹ ሥር ሚያያይዘው የውስጥ እግር ጅማት ነው።

«ከወገቤ ተነስቶ እየነዘረኝ እግሬ ድረስ ይወርዳል» ካለሽ ጡንቻ አታስቢ፣ ነርቭ ነው፣ ሳያቲካ ሚሉት። ነርቩ ከታችኛው ወገብ ተነስቶ በመቀመጫ ውስጥ አልፎ በጭን ጀርባ የሚወርድ የሰውነታችን ወፍራሙ ነርቭ ነው፣ ሰውየው ያመመው ባቱ ላይ ነው፣ መነሻው ግን ላይ ነው፣ ባቱን ብቻ ስታሺ ብትውዪ ለውጥ ላይኖረው ይችላል። «ይነዝረኛል» ላይ «ይደነዝዘኛል» ከጨመረ ጠይቂ የት ነው ብለሽ፣ ብልቱና መቀመጫው አካባቢ ከሆነ ወይ ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ያው እጅሽን አንስተሽ ወደ ሆስፒታል ነው፣ ዛሬውኑ። እንደዚሁ «አንዱ ባቴ ብቻ አበጠ፣ ሞቀኝ፣ ወጠረኝ» ካለ አትንኪው፣ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል።

ወለምታ ላይ «ያፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ሚለው ተረት የእግሩ ይታሻል ማለቱ ነው፣ እሱም እውነት ነው አያቶቻችን ያሹት ነበር፣ ግን ተረቱ መቼ እንደሚታሽ አልነገረንም፣ ትኩሱንና ያበጠውን በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓት አትሹት ነው ዛሬ ሐኪሞች ሚሉት።

ሰዋስዉ? ሁለቱም ልክ ነው። «እግሬ ያመኛል» ሲል የግሱ ባለቤት እግሩ ነው። «እግሬን ያመኛል» ሲል ግን ባለቤቱ የለም፣ እንደ ራበኝ፣ እንደ በረደኝ ነው፣ ማን ነው ያመመው አይባልም። በብዙ ቁጥር ሞክሪው ይለይልሻል፦ «ጉልበቶቼ ያሙኛል» ትያለሽ፣ «ጉልበቶቼን» ካልሽ ግን «ያመኛል» ነው፣ ግሱ ከጉልበቶቹ ጋር አይበዛም። ለኔ ጆሮ «ን» ያለበት ይጥመኛል፣ እኛ ጎጃሞች ቤት ስንታመም ማንንም ከሰን አናቅም መሰለኝ።

«ጅማት» ሲሉሽ ግን ተጠንቀቂ፣ ሰው ጅማትንም ነርቭንም አንዳንዴ የደም ስርንም በአንድ ስም ነው ሚጠራው፣ በጣት አሳዩኝ በያቸው።

ወጌሻ ያሉሽ ለማክበር ነው። ወጌሻ ስብራትና ውልቃት ሚመልስ ሰው ነው፣ ኳስ ላይ ግን ቦርሳ ይዞ ሜዳ ሚገባውንም ወጌሻ እንለዋለን፣ ቃሉ እየሰፋ ነው። ቢሆንም በርሽ ላይ «ማሳጅ» ብለሽ ጻፊ፣ አለዚያ አንድ ቀን ከዛፍ የወደቀ ልጅ ተሸክመው ይመጡብሻል።