የኮሊን ካውንቲ የቤት ግምት ደርሷችሁ ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የቤት ግብር የሚታሰብበት የአዲሱ የቤት ግምት ደብዳቤ ያልደረሰው የለም። ስልኬም ጥያቄ ብቻ ሆኗል። ቴክሳስ ውስጥ ከዳላስ በስተሰሜን ያለነው ነገሩ የበለጠ ይሰማናል። ኮሊን ካውንቲ በ2010 ቆጠራ 782,341 ሰው ነበረው። በ2020 ደግሞ 1,064,465 ደረሰ። እዚሁ ካውንቲ ያለችው ፕሪንስተን ከ2023 እስከ 2024 አጋማሽ ባለው አንድ ዓመት ብቻ ከ30 በመቶ በላይ አድጋ ከአሜሪካ ከተሞች አንደኛ ሆናለች። ሰው ሲጎርፍ ቤት ይወደዳል። ቴክሳስ የግለሰብ የገቢ ግብር ስለሌለው ደግሞ የትምህርት ቤቱና የከተማው ወጪ ብዙው የሚያርፈው ቤታችን ላይ ነው።

ጠበቃ አይደለሁም። ግን ስድስት ዓመት በተከታታይ ፕሮቴስት አድርጌያለሁ፤ ማለትም ለካውንቲው የግምት ቢሮ "ግምቱ ልክ አይደለም" ብዬ ቅሬታ አስገብቻለሁ። የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጥያቄ፦ ፕሮቴስት ካደረግኩ ግምቱን ጭራሽ ቢጨምሩብኝስ? ባለቤቴ "ተይው፣ አትነካኪያቸው" ይለኛል።

እህቴ፣ ይህን ፍርሃት ከብዙ ሰው እሰማለሁ፤ ሰው ገንዘቡን የሚያጣውም በዚሁ ነው። ቅሬታ ሰሚው ቦርድ፣ እርስዎ ራስዎ ካልጠየቁ በቀር፣ መዝገቡ ላይ ካለው ግምት በላይ እንዳይወስን ሕጉ ይከለክለዋል። ወይ ይቀንሳል ወይ ባለበት ይቆያል። ፕሮቴስት ማድረግ ከመንግሥት ጋር መጣላት አይደለም። ሕጉ ራሱ የሰጠዎት መብት ነው። ማመልከቻው ገንዘብ አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ እስከ መቼ ነው?

እስከ ሜይ 15፣ ወይም ደብዳቤው ከተላከ እስከ 30 ቀን። ከሁለቱ የሚዘገየው ይያዛል። ቀኑ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፤ ዛሬውኑ አይታችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ኦንላይን ስትሞሉ "ከገበያ ዋጋ በላይ ነው" የሚለውንም "ከሌሎች ቤቶች ጋር ሲነጻጸር እኩል አይደለም" የሚለውንም ምረጡ። አንዱን ብቻ ከመረጣችሁ በሌላው መከራከር ይቸግራችኋል።

ጥያቄ፦ አዲስ ቤት ነው የገዛነው። አምና ግብሩ 1,900 ዶላር ነበር፣ ዘንድሮ 9,000 አሉን። የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ክፍያችን በወር ከ600 ዶላር በላይ ጨመረ። ስህተት ነው?

በአዳዲሶቹ ሰፈሮች ብዙ ሰው የሚደነግጠው በዚህ ነው። ግምቱ የሚያየው ቤቱ ጃንዋሪ 1 ቀን የነበረበትን ሁኔታ ነው። አምና በዚያ ቀን ቦታችሁ ባዶ መሬት ወይም ጅምር ነበር። የከፈላችሁት የመሬቱን ነው። ዘንድሮ ሙሉ ቤት ሆነ። ኤስክሮው፣ ማለትም አበዳሪው ከወር ክፍያችሁ ጋር ለግብር የሚሰበስበው ገንዘብ፣ ደግሞ በአምናው ልክ ሲሰበስብ ስለቆየ የጎደለውንም ጨምሮ ይጠይቃችኋል።

ስለዚህ ጭማሪው በሙሉ ስህተት ነው ማለት አይቻልም። ግን ግምቱን ከገዛችሁበት ዋጋ ጋር አስተያዩት። የገዛችሁት ጃንዋሪ 1 አካባቢ ከሆነና ከግምቱ ያነሰ ከፍላችሁ ከሆነ፣ የክሎዚንግ ወረቀታችሁ (ግዢው ሲጠናቀቅ የፈረማችሁት) ጥሩ ማስረጃ ነው። አዲስ ቤት የምትገዙ ደግሞ አደራ፣ ሙሉው ቤት ሲገመት ግብሩ ስንት እንደሚሆን ከመፈረማችሁ በፊት አስሉ።

ጥያቄ፦ ሆምስቴድ የሚሉት ምንድን ነው? ሁለት ዓመት ኖሬ አላስገባሁም።

ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት የሚሰጥ የግብር ቅናሽ ነው። ማመልከቻውን ዛሬ ያስገቡ! ከፕሮቴስቱ በፊት ይህ ይቀድማል። የሚኖሩበት ቤት ከሆነ፣ ከ2025 ጀምሮ ለትምህርት ቤት ግብር ሲሰላ ከግምቱ 140,000 ዶላር ይቀነስልዎታል። መንጃ ፈቃድዎ ላይ ያለው አድራሻ የቤቱ መሆን አለበት። ላለፈውም ጊዜ ቢሆን እስከ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ማስገባት ይቻላል። "እኛ እናስገባልዎ፣ ይህን ያህል ይክፈሉ" የሚል ደብዳቤ ከመጣ አይክፈሉ፤ በነጻ ነው።

ጥያቄ፦ የገበያ ዋጋው 420,000 ይላል። ግብር የሚታሰበው ግን በ385,000 ነው። 400,000 ላስደርገው እችላለሁ?

ይችሉ ይሆናል፤ ግን ዘንድሮ አንድ ዶላር አይቀንስልዎትም። ሆምስቴድ ያለው ቤት ግብር የሚታሰብበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ አይጨምርም። አምና 350,000 ከነበረ ዘንድሮ ጣሪያው 385,000 ነው። ግብርዎ እንዲቀንስ ከ385,000 በታች ማውረድ አለብዎ። ይህን ሳያዩ ግማሽ ቀን ከሥራ ቀርተው ተሟግተው፣ አሸንፈው፣ ምንም ያልተቀነሰላቸው ሰዎች አውቃለሁ። መጀመሪያ ሁለቱን ቁጥሮች እዩ።

ጥያቄ፦ ምን ይዤ ልሂድ?

መጀመሪያ ዓመት እኔ ንዴቴን ብቻ ይዤ ገባሁ። "ግብሩ በዛብኝ፣ ደሞዜ አልጨመረም" አልኩ። በትህትና ሰምተው ምንም ሳይቀንሱ ሸኙኝ። ቦርዱ ግብሩን አይቀንስም፤ የግብር መጣኔውን የሚወስኑት ከተማው፣ ካውንቲውና ትምህርት ቤቱ ናቸው። ቦርዱ የሚያየው አንድ ነገር ነው፦ ጃንዋሪ 1 ቀን ይህ ቤት ስንት ያወጣ ነበር?

በሁለተኛው ዓመት የመሠረቱን ስንጥቅ ፎቶ አነሳሁ። የዚህ አገር መሬት ሸክላ ነው፤ በበጋ ይኮማተራል፣ ሲዘንብ ያብጣል፣ ቤቱን ያንቀሳቅሰዋል። ከመኝታ ቤቱ በር በላይ ያለው ስንጥቅ ሃያ አምስት ሳንቲም ያስገባ ነበር። ሳንቲሙን እዚያው ሰክቼ አነሳሁት። ከጎኑ የጠጋኙን የዋጋ ግምት በጽሑፍ አስቀመጥኩ። የግምት ቢሮው ገማች ፎቶውን አጉልቶ አየና "ይህ መዝገባችን ላይ የለም" አለኝ። ቦርድ ፊት ሳንደርስ እዚያው ተስማማን። ልብ በሉ፣ ጉዳቱ ጃንዋሪ 1 ላይ የነበረ መሆን አለበት። ኤፕሪል ላይ በረዶ የደበደበው ጣሪያ ለዚያ ዓመት አይረዳም።

የቤታችሁን መዝገብም ኦንላይን አንብቡት። ስኩዌር ፊቱ ልክ ነው? የሌለ መዋኛ ገንዳ ተጽፎ ይሆን?

የሽያጭ ዋጋ በቴክሳስ ለሕዝብ አይገለጥም፤ በቅርብ የተሸጡ መሰል ቤቶችን ዋጋ ኤጀንታችሁን ጠይቁ። ደግሞም የግምት ቢሮውን ማስረጃ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከቀጠሮው 14 ቀን በፊት ሊሰጧችሁ ይገባል። ለንጽጽር የወሰዱት ቤት የታደሰ፣ የእናንተ ደግሞ የድሮ ኩሽና ያለው ከሆነ፣ ክርክራችሁ እዚያ ወረቀት ላይ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ፕሮቴስት አድርገንልሽ ካስቀነስነው ላይ ድርሻ እንወስዳለን የሚሉ ድርጅቶችስ?

ጊዜ ከሌለሽ መጥፎ አይደሉም። ግን የቤትሽን ስንጥቅ እነሱ አያውቁትም።

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ቤቱ በስሟ ነው።

ከ65 በላይ ስለሆኑ ለትምህርት ቤቱ ግብር ሌላ 60,000 ዶላር ይቀነስላቸዋል፤ ከ140,000ው ጋር 200,000 ማለት ነው። የትምህርት ቤቱ ግብርም ጣሪያ ይበጅለታል፤ ቤቱ ላይ አዲስ ነገር ካልተሠራ ከዚያ አይወጣም። ልጄ፣ ማመልከቻውን አብረሃቸው ሙላ።

ጥያቄ፦ ቦርዱ እምቢ ቢለኝስ?

ውሳኔው ከደረሰዎት በ60 ቀን ውስጥ ወደ ግልግል ዳኝነት መሄድ ይቻላል። እስከ 500,000 ዶላር ለሚገመት የመኖሪያ ቤት ማስያዣው 450 ዶላር ነው። ካሸነፉ ትንሽ ተቆርጦ ይመለሳል። ክርክሩ ቢቀጥልም የግብሩን ክፍያ ከጃንዋሪ 31 አያሳልፉ፤ ፌብሩዋሪ 1 ቅጣቱ ይጀምራል።